የአስተዳዳሪው የክርስትና ስም

የቴፒ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ለእኔ የንባብ ሰዓት ነው። ሚዛን መናኸሪያ ደርሼ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር እይዝና መጽሐፌን እገልጣለሁ፤ ረዳቱ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ «አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል፤ እኔ አንድ ምዕራፍ እጨርሳለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን ገና ገጹን ሳላገኝ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከዘራውን አስቀድሞ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ግራጫ ኮት፣ ከኮቱ ሥር እጅጌው የሳሳ ሹራብ፣ በእጁ የመድኃኒት ፌስታል። ጥቂት ቆይቶ ፊቴን ሳይሆን መጽሐፌን አየና «የእማማ ዘነበች ልጅ አይደለሽም? ያቺ አንባቢዋ» አለኝ። እናቴን በስሟ የሚጠራ ሰው ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። ነኝ አልኩት። «እኔን ግን አላወቅሽኝም» አለ። አውቄው ነበር። ፊቱን ጊዜ ወስዶታል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። አቶ ማቴዎስ ነበር። አንድ ወቅት የአካባቢያችን አስተዳዳሪ፣ የእናቴ የቡና አትክልት እንዲኖር ወይም እንዳይኖር በብዕሩ የሚወስን ሰው።

ያን ጊዜ ሚዛን እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሰው ሁሉ በእግሩ ነው። ዝናብ ከጣለ ቀዩ ጭቃ ጫማ ስለሚያስቀር ሴቶች ኮንጎ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ታጥበው ይጫሙ ነበር። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ፓስቲ ከተጨመረበት ሃምሳ። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወርደው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ሻጭ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ካሴት ብቻ ያጫውታል። መብራት በየሰዓቱ ስለሚጠፋ ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆማል፤ መንገደኛውም የቀረውን ራሱ እየጨረሰ ያልፋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በሲባጎ የተሰካ ኮረሪማ የሚሸጡ ሴቶች፣ ጎደሬ የሚሸጡ ሴቶች፣ ሰልባጅ ሹራብ መሬት ላይ የዘረገፉ የወላይታ ልጆች። አሥር ብር ያለው ሰው ከዚያ ክምር ውስጥ የፈረንጅ ካፖርት መዝዞ ይወጣ ነበር። ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ኪሎው አንድ ዓመት ስድስት ብር ይገባና የከተማው ጣሪያ ሁሉ ቆርቆሮ ይሆናል፤ በሌላው ዓመት ሁለት ብር ይወርድና ሰው ቡናውን ነቅሎ ጫት ልትከል አልትከል ይላል። እናቴ ሁለት ብርም ሆነ ስድስት ብር ቡናዋን አንድ ዓይነት ፊት ነበር የምታሳየው። ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አገልድማ ትገባና ከዛፍ ዛፍ እየሄደች የደረቀ ቅርንጫፍ ትሰብራለች፤ ከዋንዛው ጥላ ሥር ስትወጣ ፀጉሯ ላይ ሸረሪት ድር ይኖራል።

አትክልቱ ከከተማው ዳር ነበር፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ። አባቴ ከጎጃም ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። የለቀመውን ቡና ፍሬ እየተከለ አትክልት አደረገው። ሲሞት ለእናቴ ሁለት ነገር ተወላት፤ ቡናውንና በቆዳ የተለበጠ ግዕዝና አማርኛ ዳዊት። ቡናውን መያዝ ታውቅበታለች፤ ዳዊቱን የሚያነብ ግን ቤታችን ውስጥ አልነበረም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል ነው፣ በማታ ትምህርት፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ መምህር እያስተማረኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ስሜ ተጽፎ ነበር፤ ለቀማ ደረሰና ሳልሄድ ቀረሁ። ፕሊሴ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ አላፈርኩም። ምንም አልተሰማኝም ማለት ይቀላል። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንበብ ከለመድኩ በኋላ የተጻፈን ነገር ሳላጣራ ማለፍ አቃተኝ። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ፊደል ተሳስቶ ካየሁ ዛሬም ቆሜ አየዋለሁ።

እናቴ ማንበቤን እንዳወቀች ዳዊቱን አወረደችና «የአባትሽን ድጊሚልኝ» አለችኝ። ዳዊት ለሳምንቱ ቀኖች የተከፈለ ነው፤ ሰኞ እስከ ሠላሳ፣ ማክሰኞ እስከ ስልሳ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሰባ አንደኛው መዝሙር የሚደርሰው ረቡዕ ነው። ስለ ንጉሥ የሚጸለይበት፣ ፍርድህን ለንጉሥ ስጥ ብሎ የሚጀምረው። የመጀመሪያው ረቡዕ እዚያ ስደርስ እናቴ እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። «እዚህ ጋ አባትሽ ስም ይጠራ ነበር» አለች። የማንን ስም? አልኳት። «የንጉሡን ነዋ። ኋላ ንጉሡ ሲቀሩ ዝም ብሎ ያልፈው ጀመር። እኔ ግን ዝም ማለቱን አልወደድኩትም። ወንበሩ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? የተቀመጠበትን ጥሪልኝ።» አዲስ አበባ ያለውን ልጥራ? ስላት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «እሱን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። እኔን የሚያውቀኝ ላይ ቤት ያለው ነው።» ላይ ቤት የምንለው ኮረብታው ላይ ያለውን የአስተዳዳሪውን ጽሕፈት ቤት ነው።

እንዲህ ሆኖ በየረቡዑ ላይ ቤት ያለውን ሰው ስም እየጠራሁ መዝሙሩን ማንበብ ጀመርኩ። እናቴ በዓለማዊ ስም ጸሎት ይደርሳል ብላ አታምንም፤ የክርስትና ስም መሆን አለበት። የመጀመሪያውን አስተዳዳሪ ስም ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ስታስጠራ ሰማችው፤ ወልደ ጊዮርጊስ ነበር። የሁለተኛውን ልብሱን ከምታጥብለት ሴት አገኘችው። ችግሩ ሰዎቹ አይሰነብቱም። ግምገማ ተቀመጡ ይባላል፣ ሦስት አራት ቀን በሩ ተዘግቶ ይከርማል፣ ሲከፈት ሌላ ሰው ነው። «ስሙን አጣርተሽ አምጪልኝ» ትለኛለች እናቴ ያኔ፣ ጨው ግዢ እንደምትለኝ።

የአቶ ማቴዎስ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እሱ በተሾመ ሰሞን አዲስ መንገድ ይወጣል ተባለ፤ ልኬት የሚይዙ ሰዎች መጡና ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል በቡናችን መሃል ለመሃል ሰክተው ሄዱ። እናቴ ለቀያሹ ሙዝ አቀረበችለትና «ልጄ፣ ከዚህ ሌላ መሄጃ የለውም?» ብላ ጠየቀችው። ቀያሹ ደግ ሰው ነበር። «ትንሽ ወደ ወንዙ ቢዞር ይሄዳል እማማ። እዚያ ባዶ ሣር ነው። ግን እኔ አላዞረውም፤ አስተዳዳሪው ይፈርሙልኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ማመልከቻ አስገባን፣ ይታያል ተባለ። ማመልከቻው የሚታየው ሰውየው ልብ ሲያገኝ ነው፣ ልብ የሚያገኘው ሲጸለይለት ነው፣ የሚጸለይለት ደግሞ ስሙ ሲታወቅ ነው አለችና ላከችኝ።

የላይ ቤት ዘበኛ ጋሽ ደምሴ የሰፈራችን ሰው ነው። የድሮ ወታደር ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ የተቀቀለ በቆሎ ይበላል።

«ምን ፈለግሽ ጥሩወርቅ?»

«የአዲሱን አስተዳዳሪ ስም።»

«በሩ ላይ ተጽፏል። አንቺ አንባቢ ሆናለች እየተባለ አይደል እንዴ።»

«የክርስትና ስማቸውን።»

ጋሽ ደምሴ ማኘኩን አቆመ። «የክርስትና ስም የሚጠይቅ ሁለት ዓይነት ሰው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቄስና ጠንቋይ። አንቺ ደግሞ ቄስ አትመስዪኝም።»

«ለጸሎት ነው። እናቴ ናት የፈለገችው።»

«ለመርገም ነው ብሎ የጠየቀ ማን አለ? ሂጂ ልጄ። አንቺም አልጠየቅሽኝ፣ እኔም አልሰማሁሽ።»

አልሰማሁም ያለ ሰው ከምሳ በፊት ለግቢው ሁሉ ተናገረ። ሰው የክርስትና ስሙን የሚደብቀው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ በዚያ ስም ሰው ያስራሉ፣ ያሳምማሉ የሚባሉ አሉ። እንዳጋጣሚ አቶ ማቴዎስን ሆዱን ያመው ነበር። እንዳጋጣሚ መኪናው ከማሻ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ገብታ ነበር። ስሙን ከጠየቅሁ በኋላ ግን እንዳጋጣሚ የሚባል ነገር ቀረ። መንገድ ላይ ሰላም የሚሉኝ ሴቶች ወደ ማዶ ይሻገሩ ጀመር። ካሴት ሻጩ ብቻ «ጥሩዬ፣ ለእኔ ደግሞ መብራት ኃይልን እሰሪልኝ» ብሎ ቀለደብኝ። በሦስተኛው ቀን እማማ ዘነበች ከነልጇ ላይ ቤት ትቅረብ የሚል መልእክት መጣ። እናቴ ደስ አላት። «ይኸው ጠራኝ። ስለ ቡናው ሊያነጋግረኝ ነው» አለች። ወሬውን ነገርኳት። ወሬ ለእሷ ቡና ላይ እንደሚያርፍ ወፍ ነው፣ እሽ ብላ ታልፋለች። ብቻ ሹም ፊት ለብቻ አይቆምም ብላ መሪጌታ ኅሩይን ይዘን እንድንሄድ አደረገች።

መሪጌታ የቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፍ መምህር ናቸው። ቀጭን፣ አጭር፣ ከነጭ ቀሚሳቸው ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት የሚያደርጉ። ሚዛን ውስጥ ክረምት ከበጋ እግራቸው ያልጨቀየ ካህን እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ በንባብ የከበደኝን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስጠይቃቸው፣ አንዱን ቃል ሦስት አራት ጊዜ «አንድም» እያሉ ያወርዱልኝ ነበር። ደህና አስተማሪ ናቸው፤ ስሳሳት አይቆጡም፣ ስላልተሳሳትኩም አያደንቁኝም።

የአቶ ማቴዎስ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ ነበር፣ አበባው ላይ አቧራ። እሱ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ በካኪ ሸሚዝ ላይ ደርቧል፤ የዚያን ጊዜ ሹማምንት ሁሉ ልብስ ነው። ፊቱ ገርጥቷል። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ» አለ አቶ ማቴዎስ፣ «ስሜ ምን ያደርግልዎታል?»

«ረቡዕ ረቡዕ ልጠራህ ነው» አለች እናቴ።

«ማን ዘንድ?»

«እግዚአብሔር ዘንድ ነዋ። ሌላ ማን ዘንድ እጠራሃለሁ?»

ጋሽ ደምሴ ሳል አስመስሎ ሳቀ። አቶ ማቴዎስ አልሳቀም። «የደብተራ ሥራ ነው የሚሉኝ አሉ» አለ ወደ መሪጌታ ዞሮ።

«በዚያ ስም የሚነግዱ መኖራቸውስ እውነት ነው» አሉ መሪጌታ። «ይሄ ግን መዝሙር ነው። በእርስዎም መጽሐፍ ውስጥ አለ።»

«የእኔን መጽሐፍ በምን አወቁት?»

«እሑድ ከየትኛው አዳራሽ እንደሚወጡ ሚዛን ሁሉ ያውቃል ጌታዬ።»

አቶ ማቴዎስ መሳቢያውን ሳበና ጠርዙ የቆሸሸ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ አወጣ። ጴንጤ መሆኑን እናቴ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። «ስንተኛው ነው?» አለ። መሪጌታ ሰባ አንድ አሉት። ገልጦ አነበበ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ይሄ ስለ እርጅና ነው። በሸመገልኩ ጊዜ አትተወኝ ነው የሚለው።»

«በእርስዎ ሰባ ሁለት ነው» አልኩ። «ቁጥሩ በአንድ ይበልጣል።» በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ነው። አቶ ማቴዎስ ቀና ብሎ አየኝና አንድ ገጽ ገለጠ።

መሪጌታ እንደ ጉባኤ ቤት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። «ሲጀምር ምን አለ? ለንጉሥ ዕድሜ ስጠው አላለም። ጦር ስጠውም አላለም። ፍርድህን ስጠው አለ። ፍርድህን። እንግዲህ ፍርድ የንጉሡ ገንዘብ አይደለም፣ የተዋሰው ነው። የተዋሱትን ዕቃ ባለቤቱ ሲመጣ ይመልሱታል፤ ከተሰነጠቀም ይጠየቁበታል። አንድም፣ ለንጉሥ መጸለይ ለንጉሥ ብቻ መጸለይ አይደለም። ንጉሥ ቢታመም ሐኪም አለው። ንጉሥ ፍርድ ቢታመምበት ግን የሚሞተው ደጁ ላይ የቆመው ነው። ስለዚህ ደጁ ላይ የቆመው ይጸልያል።»

«ስለ ቡናዋ ማለት ነው» አለ አቶ ማቴዎስ።

«ስለ ቡናዬም ነው፣ አልዋሽህም» አለች እናቴ።

መሪጌታ ቀጠሉ። ንጉሡ ሲመጣ ጠል በበግ ጠጉር ላይ እንደሚወርድ ይወርዳል የሚለውን በግዕዙ አሉት። አቶ ማቴዎስ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ «የእኔ መጽሐፍ ጠጉር አይልም» አለ። «የታጨደ ሣር ነው የሚለው። በታጨደ ሣር ላይ ዝናብ።» መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ደስ ሲላቸው እንዲያ ያደርጋሉ። «ይበል። ሁለቱም ይቁም። ጠል በጠጉር ላይ ሲወርድ ድምፅ የለውም፤ ሹም ያለ ጩኸት ይምጣ ማለት ነው። አንድም፣ እርስዎ እንዳሉት፣ የታጨደ ሣር። ያልታጨደውማ በራሱ ሥር ውኃ ይፈልጋል። ዝናብ ከሁሉ የሚያሻው ማጭድ ላለፈበት ነው።»

«እንግዲህ እኔ ማጭዱ ነኝ።»

«ማጭድም ዝናብም መሆን ይቻላል ጌታዬ። ዳዊት የለመነልዎት ዝናቡን ነው።»

 ውጭ አንድ አይሱዙ ኮረብታውን እያቃሰተ ወጣ። መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዋናው ፍቺ ግን ስለ ክርስቶስ ነው። ከባሕር እስከ ባሕር የሚገዛ፣ የድሀ ደም በፊቱ የከበረ፣ እንዲህ ያለ ንጉሥ በምድር ላይ አልታየም። ሸማው ለሰው ሁሉ ይረዝማል። ታዲያ ለምን በእናንተ ላይ እንጸልየዋለን? ስናለብሳችሁ የጎደለው ይታያልና።»

«እየለካችሁኝ ነው ማለት ነው።»

«እየለመንኩልህ ነው እንጂ» አለች እናቴ። «እንኳን ልለካህ ዐይኔም አያይ።»

ያን ጊዜ ሳቀ። የታመመ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መሪጌታም ነገሩን ሲጨርሱ መዝሙሩ የሚያልቀው የዳዊት ጸሎት ተፈጸመ ብሎ ነው፣ ሽማግሌው ንጉሥ ያሳረገው ለራሱ ሳይሆን ለሚተካው ለምኖ ነው ቢሉት፣ «መሪጌታ፣ እኔ ከተሾምኩ ገና አራት ወር ነው፣ ስለ ተተኪ አያውሩብኝ» አላቸው። ከዚያ ጋሽ ደምሴን በር ዘግቶ እንዲወጣ አዘዘው። የክርስትና ስም የለኝም አለን። በልጅነቱ ክርስትና አላስነሱትም፤ የተጠመቀው አድጎ ነው፣ በዚያው በማቴዎስ ስም። እናቴ ይሄን እንደ ትልቅ ችግር አልቆጠረችውም። «እናትህ ለራት ስትጠራህ ማን ብላ ነው የምትጠራህ?» አለችው። አቶ ማቴዎስ ወደ መስኮቱ አየ። በእናቱ ቋንቋ፣ በቤንችኛ፣ አንድ አጭር ስም ተናገረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፣ አጠራሩ እስኪቃናላት።

«ቡናውስ?» አለች ስንወጣ።

«አያለሁ እማማ» አላት።

በየረቡዑ ያን ስም ጠራሁት። በአባቴ ዳዊት ውስጥ፣ በግዕዝ ቃላት መሃል፣ የቤንች እናት ልጇን ለራት የምትጠራበት ስም። አንድ ቀን አቶ ማቴዎስ ራሱ መጣ፤ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ያለ አጀብ። አትክልቱን ከላይ እስከ ታች ሄደበት፣ ወደ ወንዙ ያለውን ባዶ ሣርም ቆሞ አየው። እናቴ ከኋላው ሄደች። ከሳምንት በኋላ ውሳኔው መጣ። መንገዱ አይዞርም። ለቀማው እስኪያልቅ ግን አንድ ዛፍ እንዳይነካ። እናቴ ይሄንን ሰማችና «ጠል ናት» አለች። «ትንሽ ናት፣ ግን ጠል ናት።»

ያን ዓመት ቡናው እንደ ልማዱ ቀላ። ለቀምን፣ አሰጣን፣ ሸጥን። ከዚያ መጋዝ የያዙ ሰዎች መጡ። ዋንዛው ሲወድቅ ድምፁ እስከ ገበያ ተሰማ አሉኝ፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ቅዳሜ ስለነበረ የማታዎቹ በቀን ነበር የምንማረው። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር። ወጥቼ ስመጣ ቤታችን ከመቼውም ይልቅ ብሩህ ሆኖ አገኘሁት፤ ጥላ የለም፣ ፀሐይ እስከ ጓዳ ገብታለች። እናቴ ደጁ ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጥ ነበር። ትኩስ የተቆረጠ ቡና እንደ ሣር ነው የሚሸተው፣ እንደ ቡና አይደለም። ቁጭ ብዬ አብሬያት ላጥኩ። ስለ ራቱ ተነጋገርን። ለቡናው በተሰጠን ካሳ ቆርቆሮ ገዛን። የሰፈር ሰዎች እንዳለቅስ ይጠብቁኝ ነበር መሰለኝ፣ ሲገናኙኝ ድምፃቸውን ያለሰልሳሉ። ሰው የሚጠብቀው ነገር ከውስጤ ሳይመጣ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ኋላ እናቴ ስትሞትም እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለው ረቡዕ ያን ስም ልዝለለው? ብዬ ጠየቅኋት። «ለምን?» አለችኝ፣ የምሬን መሆኑን ለማየት ቀና ብላ። ጠራሁት።

ከዚያ ግምገማ ተቀመጡ ተባለ። በሩ ሲከፈት አቶ ማቴዎስ የለም። ታስሯል አሉ፤ የተባለበት ብዙ ነው፣ የትኛው እውነት እንደሆነ አላጣራሁም፣ የሚጣራም አልነበረም። የሄደበትን እስር ቤት አንዳንዱ ጅማ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ራቅ ያደርገዋል። ላይ ቤት ሌላ ሰው ገባ። አሁን ያ ኮረብታ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ነው ያለው፣ የካሴቱ ጥግም የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። የማታ ተማሪዋም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆና ጡረታ ወጥታለች። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከዚያ ቢሮ የወጣው ትናንት ነው የሚመስለው።

ረዳቱ በሩን ዘግቶ መኪናው ሲነሣ አቶ ማቴዎስ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አመቻቸ። «እናትሽ መቼ አረፉ?» አለኝ። ነገርኩት። ነፍስ ይማር አለ። ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስር ቤት ሳለሁ ቀኑ ሁሉ አንድ ነው። ረቡዕን ግን ለይቼ አውቀዋለሁ። እማማ ዘነበች ዛሬ እየጠሩኝ ነው እል ነበር። እናቴ ሞታለች፤ ያን ስሜን በዚህ ዓለም ላይ የሚጠራ ከእሳቸው ሌላ የለም። በዚያ ነው ያደርኩት ብልሽ አትሳቂብኝ።»

አልሳቅሁም። ከእኔ የሚጠብቀውን መልስ አውቀው ነበር፣ ለአፍም ቀላል ነው። ያልሆነን ነገር ግን መናገር አልለመድኩም።

«አልጠራችዎትም» አልኩት። «እርስዎ በወረዱ ሳምንት የሌላውን ስም አጣርቼ አመጣሁላት። ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ የእሱ ስም ነው የገባው።»

 ከጎናችን የተቀመጠች ሴት ዶሮዋን ከእግሯ ሥር አስተካከለች።

«ቅር አሰኝቻቸው ነው? በቡናው?»

«አይደለም። ቡናው ከተቆረጠ በኋላም ትጠራዎት ነበር። እኔም ጠይቄያታለሁ። ታስረዋል እኮ እማዬ፣ ልተዋቸው? አልኳት።»

«ምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ያስበው አለች። ከዚያ፣ ጸሎት የሚያሻው የተቀመጠ ሰው ነው፣ የወረደ ማንን ይበድላል? አለች።»

አቶ ማቴዎስ ቃሏን ቀስ ብሎ ለራሱ ደገማት። አዝኖ እንደሆነ ተቆጥቶ መለየት አልቻልኩም። እጁን ገልብጦ መዳፉን አየ፣ የጣቶቹን ጫፍ አየ፣ ብዕር ይይዝበት የነበረውን። «ልክ ናቸው» አለ። «ማንን እበድላለሁ።» ቆይቶ ደግሞ፣ «የተካኝስ ሰው? ጸሎቱ ሠራለት?»

«እንጃ። ብዙ አልቆየም።»

«እኔ ግን ረግሜው ነበር» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። «መሪጌታ ስለ ተተኪ ያሉትን እያወቅሁ።»

መኪናው ከተማውን ለቆ ወደ ተዳፋቱ ታጠፈ። አስፋልቱ እዚህ ጋ ሰፊ ነው፣ በግራና በቀኝ ጎሚስታ ቤቶችና የብሎኬት ማምረቻዎች አሉ። ሾፌሩ ፍጥነት ጨመረ። አቶ ማቴዎስ በእኔ በኩል ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ፣ አንገቱን ወደዚህም ወደዚያም አዞረ።

«ቡናው የት ጋ ነበር?» አለኝ። «ቦታው ጠፋብኝ።»

«አልፈነዋል» አልኩት።